በቤት የቀረው ኮምፒውተር

የእድሩ ሰብሳቢ አገኘሁ ባርኔጣውን አውልቆ ሴቶቹ ወደተቀመጡበት ክፍል ሲገባ፣ ፍራሹ ላይ የነበሩት ሊነሡለት ተንቀሳቀሱ። «በእግዜር፣ አትነሡ» እያለ አለፋቸውና ማዕረግ አጠገብ ቁጢጥ አለ። የባሏን የኃይለየሱስን አስከሬን ከሆስፒታል ያወጣው፣ ድንኳኑን ያስተከለው፣ ትናንት ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ክንዷን ይዞ የደገፋት እሱ ነበር።

«ሐሳብ እንዳይገባሽ ብዬ ነው» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የሱቁን ኮምፒውተር እኔ ቤት አስገብቼዋለሁ። ሌባ ለቅሶ ነው ብሎ አይምርም። የእድሩም መዝገብ እዚያ ላይ ነው ያለው።»

«እግዜር ያክብርልኝ፣ ጋሽ አገኘሁ» አለችው። ምስጋናዋ ከልቧ ነበር።

እሱ ሲወጣ በተከፈተው በር በኩል ዓይኗ ጓሮ ደረሰ። ዕቃ ከሚያጥቡት ሴቶች መካከል ያቺ ልጅ አሁንም አለች። ጥቁር ሻርፕ ተከናንባ፣ እጇን እስከ ክርኗ አረፋ ውስጥ ነክራ። ከቀብር መልስ ማንም ሳይጠራት መጥታ ነው ሥራ የጀመረችው። ጎረቤቶቹ ዘመድ መስላቸዋለች። ማዕረግ ግን በደንብ ታውቃታለች። ከለቅሶ ቤት ሰው አይባረርም እንጂ፣ አንጠልጥላ ብታስወጣት ደስ ባላት።

ነገሩ የተጀመረው በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ፣ ከሳዑዲ የተባረሩት ልጆች በየቀኑ በአውሮፕላን ሲራገፉ ነው። ኃይለየሱስ ከአብነት ወደ በርበሬ በረንዳ በሚወስደው መንገድ ዳር ማመልከቻ የሚጽፍባትና ፎቶ ኮፒ የሚያነሣባት ጠባብ ሱቅ ነበረችው። የበርበሬው ብናኝ እየገባ ስለሚያስቸግረው ኮምፒውተሩን በየጊዜው ፈትቶ በቀለም ብሩሽ ይጠርገዋል። ከቤት ሱቅ፣ ከሱቅ ቤት የሚል ሰው ነበር። ያን ሰሞን ግን በቀን ሱቁን መዝጋት አመጣ። አንድ ቀን ማዕረግ ምሳውን ይዛ ብትሄድ በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል። ብዙ አንኳኩታ ሲከፈት ዓይኗ በለቅሶ ያበጠ ልጅ ወጣች። ማዕረግ መንገድ ላይ አላፊ አግዳሚው እየሰማ አንድም የቀራት ስድብ አልነበረም። ልጅቷ አንገቷን ደፍታ ሄደች።

ማታ ቤት ሲገባ ጠበቀችው።

«ድምፃቸውን እየቀዳሁ ነው» አላት። «ዐረብ አገር የደረሰባቸውን ይነግሩኛል። ማመልከቻ ሊያስጽፉ መጡና ሰው ፊት መናገር አቃታቸው። ታዲያ በሩን ብዘጋ ምን አጠፋሁ?»

«እውነት ከሆነ አሰማኛ።»

ኃይለየሱስ መኝታ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ያለውን አሮጌ ኮምፒውተር በእጁ መታ መታ አደረገ። «ድምፁ ያለው ሱቅ ነው፤ ተቆልፏል። የሚከፍተው ቁልፍ ደግሞ እዚህ ውስጥ ነው። ያኛውን የወሰደ ሰው ፋይሉን ያየዋል እንጂ አይሰማውም። ሁለቱን ያገኘ ብቻ ነው የሚሰማው። የዚህኛው ፓስወርድ የእናትሽ ስም ነው። ግን የልጆቹ አደራ ነው፤ ብትከፍቺው የምታፈርሺው የእኔን ቃል ነው።»

አልከፈተችውም። ቃሉን አክብራ ሳይሆን በእልህ ነው። ከዚያ ወዲያ ምሳ መውሰድ ተወች፤ አልጋ ላይም ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። የሞተ ዕለት ጠዋት ሻዩን ጠጥቶ ሲወጣ «ደህና ዋይ» ብሏት ነበር። አልመለሰችለትም። ረፋዱ ላይ የሰው መታወቂያ ኮፒ እያደረገ ሳለ ደም ግፊቱ ተነሣበትና እዚያው ማሽኑ ላይ ተደፋ።

በሠልስቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አገኘሁ እንደገና መጣ። አሁን ብቻውን አልነበረም፤ የሰፈሩን ሽማግሌ ጋሽ ኃይሌን አስከትሏል።

«ማዕረግ፣ ያ ኮምፒውተር አስቸገረን» አለ፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «መዝገባችን ተቆልፏል። ባለሙያ አሳየሁት፤ ቁልፉ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ነው አለኝ። እቤት አንድ አሮጌ ነበራችሁ አይደል?»

«ስጪው ልጄ» አሉ ጋሽ ኃይሌ። «የእድር ንብረት ነው፤ የሰው አፍ ውስጥ አትግቢ።»

«እሺ፣ ይውሰዱት» አለች ማዕረግ። ምን ያደርግላታል?

«ከምሳ በኋላ ሰው ይዤ እመጣለሁ» ብሎ ወጣ።

ውሃ ልትጠጣ ወደ ጓዳ ስትገባ ልጅቷ ተከትላት ገባች። እጇ ገና ውሃ ያንጠባጥባል።

«እትዬ ማዕረግ፣ ኮምፒውተሩን አይስጧቸው።»

«አንቺ ደግሞ ምን አገባሽ?»

«ሰኪና እባላለሁ። የላኩን እሳቸው ናቸው።»

ማዕረግ አልገባትም። «እነማን?»

«አቶ አገኘሁ። ከከሚሴ አሰባስበው በባሕር የላኩን እሳቸው ናቸው። አብራን የነበረች ልጅ ጀልባው ላይ ታመመች። ጀልባ ነጂዎቹ ከነነፍሷ ባሕር ውስጥ ወረወሯት።» ሰኪና እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። «የተናገርነው አራት ነን። ሁለታችን እንከሳለን ብለናል። አንዷ አግብታለች፣ ባሏ አያውቅም። አንዷ ደግሞ እዚያ የወለደችውን ጥላ ነው የመጣችው፣ ለእናቷም አልነገረች። ጋሽ ኃይለየሱስ ‹አራታችሁም እሺ እስክትሉ ለማንም አይከፈትም› አሉን። አቶ አገኘሁ ከሰሙት ማን ማን እንደተናገረ ያውቃሉ። የየቤታችንን በር ያውቁታል።»

ማዕረግ የእህል በርሜሉ ላይ ተቀመጠች። ክንዷ ላይ አገኘሁ የያዛት ቦታ ድንገት አሳከካት።

«ለምን ለእኔ አልነገረኝም?»

«‹ማዕረግ አገኘሁን በየቀኑ ሰላም ትለዋለች፤ ካወቀች ፊቷ ላይ ያስታውቃል› ይሉ ነበር።»

እውነቱን ነው። ፊቷ ነገር አይደብቅም። ያኔ ሱቁ በር ላይም አልደበቀም።

ተነሥታ ትንሿን ሴት ልጇን የያዘችላትን እህቷን መቅደስን ጠራችና መኝታ ቤቱ በር ላይ አቆመቻት። «ልብስ እየቀየረች ነው በይ። ማንም እንዳይገባ።»

መብራት ጠዋት እንደጠፋ አልመጣም ነበር። ሁለቱ አልጋው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው የኮምፒውተሩን ጥቁር ማያ እያዩ ጠበቁ። ሊነጋገሩ የሚገባቸው ብዙ ነበር፤ አንዳቸውም አልጀመሩትም። ውጭ የጉልበት ሠራተኛ ጩኸት፣ የጋሪ ጎማ፣ ከድንኳኑ የወንዶች ጉርምርምታ ይሰማል። መብራቱ ሲመጣ ማዕረግ በአንድ ጣቷ ፊደሎቹን እየፈለገች የእናቷን ስም ጻፈች። ወለተ ማርያም። ተከፈተ።

«የእኔን ወደ ጽሑፍ ሊገለብጡት እዚህ አምጥተውት ነበር» አለች ሰኪና ማያውን እያየች። «ይኸውና። የራሴን በፍላሽ ይዤ እሄዳለሁ። የሌሎቹ የእኔ አይደለም።»

«ቁልፉ ከጠፋ የእነሱ በቃ፣ አይከፈትም ማለት ነው?»

«አይከፈትም። ለአቶ አገኘሁም አይከፈት፣ ለእኛም አይከፈት።» ማዳመጫውን አነሣች። «የእኔን ይስሙት ከፈለጉ። እኔ ፈቅጃለሁ።»

ማዳመጫው አንዱ ጆሮ ብቻ ነበር የሚሠራው። ማዕረግ ቀኝ ጆሮዋ ላይ አደረገችው። መጀመሪያ የወንበር ሲጢጥታ፣ ቀጥሎ ሁልጊዜ ከመናገሩ በፊት የሚያደርጋት ያቺ ጉሮሮውን መጥረግ። ከዚያ እሱ ራሱ፣ ጆሮዋ ሥር።

«አሁን እየቀዳ ነው። ስምሽን ካልፈለግሽ አትናገሪ። ከደከመሽ እናቆማለን። ውሃው አጠገብሽ ነው።»

ከዚያ የልጅቷ ድምፅ፤ «ስሜ ሰኪና ነው።»

ማዕረግ ማዳመጫውን አወለቀች።

«ቀሪውን ለዳኛ ንገሪው» አለቻት። «እኔ መስማት አይገባኝም።»

ሰኪና ፋይሉን ፍላሹ ላይ ከገለበጠች በኋላ «ለእርስዎም ላስቀርልዎ?» ብላ ጠየቀች። የኃይለየሱስ ድምፅ ያለው እዚያ ላይ ብቻ ነበር። በሠርጋቸው ጊዜ ቪዲዮ አላስቀረጹም፤ ስልኳም ላይ ምንም የለም።

«አይሆንም» አለች ማዕረግ። «እዚህ ቤት የቀረ ነገር ሁሉ ይፈተሻል። ይዘሽው ሂጂ።»

ኮምፒውተሩን ከነሣጥኑ ሰፊ የልብስ ሳፋ ውስጥ አስቀመጡት፤ በላዩ ከጎረቤት የተዋሱትን ትሪና ሳህን ደራረቡበት። «ምን አለሽ ተራ፣ ብረት ቀጥቃጮቹ ጋ ውሰጅው። ዓይንሽ እያየ በመዶሻ አስደቅቂው» አለቻት ማዕረግ። ሰኪና በሩ ላይ ስትደርስ ክንዷን ያዘቻት። «ያን ቀን ያልኩሽን...»

«ሰዎቹ ይመጣሉ፣ እትዬ» አለች ሰኪና። ሳፋውን ራሷ ላይ አድርጋ በድንኳኑ መሀል፣ አገኘሁ ከተቀመጠበት አግዳሚ አጠገብ አልፋ ወጣች። እሱ እግሩን ሰብስቦ አሳለፋት።

ከምሳ በኋላ አገኘሁ ዕቃውን ሊያነሣለት ካመጣው ሰው ጋር ሲገባ ጠረጴዛው ባዶ ነበር።

«ቆራሌው ወሰደው» አለችው ማዕረግ።

«በለቅሶ መሀል?»

«በለቅሶ መሀል።»

አገኘሁ ፊቷን አየው። ያኔ ገባው፤ ፊቷም አልደበቀውም። ጎንበስ ብሎ ለእሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ «ሴት ልጅ ታሳድጊያለሽ» አላት። «እድር ለሰው የሚደርሰው፣ ሰው ሆኖ ለተገኘ ነው።»

አፍታም ሳይቆይ የእድሩ ሰዎች አግዳሚዎቹን መጫን ጀመሩ። የተቀመጡትን ለቀስተኞች አስነሥተው ድንኳኑን ነቀሉት። ጋሽ ኃይሌ ምክንያቱን ሳያውቁ ከዘራቸውን ተደግፈው መንገድ ላይ ቀሩ። ከሰፈሩ ሰው ግማሹ ዓይኑን እየሰበረ ተበተነ፤ የቀረውም ድምፁን ቀንሶ ያወራ ጀመር።

አመሻሹ ላይ የኃይለየሱስ እህቶች ከጎጃም ደረሱ። መርዶውን ዘግይተው ነው የሰሙት። ድንኳን ይኖርበታል ብለው የጠበቁትን ባዶ ቅያስ ሲያዩ ጩኸታቸውን ለቀቁት። ስሙን እየጠሩ፣ ደረታቸውን እየመቱ ገቡ። ክፍሉ በዋይታ ተሞላ። መቅደስ «ተነሽ እንጂ፣ ተቀበያቸው» ብላ ትከሻዋን ነካቻት።

ማዕረግ አልተነሣችም። ፍራሹ ላይ እንደተቀመጠች፣ ጩኸቱ እንዳይገባበት ድምፁን የሰማችበትን ቀኝ ጆሮዋን በመዳፏ ከደነችው።