የመንገድ ዳሩ ሣር

"ማጭድ አስቀምጡ! ማንም እንዳያጭድ!"

ይስሃቅ ከሞተር ሳይክሉ ሳይወርድ ነው የጮኸው። ስልሳ ሁለት አባወራ ማጭዱን እንደያዘ ተራራው ሥር ቀጥ አለ። የማኅበራቸው ሊቀመንበር የኋላሸት እርር ድብን አለ። ለአጨዳ ሁለት ጊዜ ቀጠሮ ተይዞ ሁለት ጊዜ ተመልሰዋል፤ ይኼ ሦስተኛው መሆኑ ነው።

"ደግሞ ምን መጣ?" አለ።

"ጋሽ የኋላሸት፣ ጎብኚዎቹ ለሐሙስ ሳምንት ተዛውረዋል" አለ የወረዳው ባለሙያ ይስሃቅ ኮፍያውን እያወለቀ። "ተራራው እስከዚያ እንዲህ እንደለመለመ መቆየት አለበት ተብሏል።"

"ማነው ያለው?"

"ከላይ ነው።"

"ከላይ ያለው እግዜር ነው። እሱ ደግሞ ሣሩን ያበቀለው እንዲበላ ነው።"

ሰው ሳቀ። የኋላሸት ግን አልሳቀም፤ ይህን መዘዝ የጎተተው የገዛ አፉ መሆኑን ያውቃል። ግንቦት ላይ አሰላ ስብሰባ ተጠርቶ ማይክ ሲሰጡት ጊዜ ልቡ አብጦ፣ "ሣራችን ደረት ይደርሳል! ያላመነ መጥቶ ይይ!" ብሎ ተናገረ። አዳራሹ አጨበጨበለት። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ይኸው ያላመነው ሁሉ ሊመጣ ነው።

ተራራው አራት ዓመት ሙሉ ከብት አልረገጠውም። ማንም ሳያዛቸው ተማክረው ከለከሉት፤ ድንጋይ ተሸክመው እርከን ሠሩ፤ በዓመት አንድ ቀን ዕጣ ጥለው ሣሩን ያጭዳሉ። አሁን ጥቅምት ሊያልቅ ነው። ሣሩ ጫፉ ቢጫ ሆኗል፣ አገዳው ጠንክሯል። ሌላ ሳምንት ከቆየ ላም አሽትታው የምታልፈው ነገር ይሆናል።

"ጋሼ፣ የተራራው የይዞታ ወረቀትም እኮ ከጉብኝቱ በኋላ ነው የሚፈረመው" አለ ይስሃቅ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ስንት ዓመት ጠበቃችሁ! ለዚች ለዚች ብላችሁ አታበላሹት።"

ይህን ሲሰሙ በቅርብ የቆሙት ማጭዳቸውን ዝቅ አደረጉ። አምና ሜትር የያዙ ሰዎች ለድንጋይ ማውጫ ነው ብለው ተራራውን ሲለኩ አይተዋል። ወረቀቱ ከሌለ ነገ ማን መጥቶ "የእኔ ነው" እንደሚላቸው አያውቁም።

ይስሃቅም ክፉ ሰው አይደለም። ከሩቅ አገር ተመድቦ መጥቶ ችግኝ ሲተክሉ አብሯቸው ጭቃ የረገጠ ልጅ ነው። ጥቂት አሰበና ፊቱ በራ።

"እንደውም ጎብኚው ከመኪና አይወርድም። መንገድ ዳር ያለው ብቻ ይቆይ፤ ሌላውን እጨዱ!"

"እሰይ!" አሉ ብዙዎቹ። "አንድ ድርሻ ብቻ ነው እኮ!"

ዕጣው ጠዋት ወጥቷል። እያንዳንዱ ቤት የየራሱን ምልክት፣ ጠጠርም ሆነ ስንጥር፣ ለሽማግሌው ለከዲሮ ይሰጣል፤ እሳቸውም በነጠላቸው ውስጥ ቀላቅለው ሳያዩ እያወጡ በየድርሻው ላይ ያስቀምጣሉ። መንገድ ዳር የተቀመጠው ሰማያዊ የልብስ ቁልፍ ነበር። የራቢያ ነው።

ራቢያ ባሏ ከሞተ ሁለት ዓመቷ ነው። ማጭዷን እንደያዘች ወደ ፊት መጣች።

"ላሜ ከወለደች ስድስት ቀኗ ነው። የምሰጣት የለኝም።"

"ከየድርሻችን አንዳንድ እቅፍ እናዋጣልሻለን" አላት አንዱ።

"ልመና ነው እንዴ? እኔ ድንጋይ ስሸከም ማን አዋጣልኝ? ኦቦ የኋላሸት፣ ዕጣ አይነካም ያልከን አንተ አይደለህም ወይ?"

ሁሉም ወደ እሱ ዞሩ። የእሱ ድርሻ ከምንጩ በላይ ነው፤ ከሁሉ የለመለመው። "ታገሺ እህቴ" የሚለው ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ስልሳ አንዱ ሰው ደስ ብሎት ይበተናል፣ ወረቀቱም ይመጣል። ቃሉን ሊናገረው ሲል በራሱ ተናደደ። ዛሬ የራቢያን ሣር ለመኪና መስኮት ከሰጡ ነገ የማን ተራ እንደሚሆን ለማወቅ ጠንቋይ አያሻም።

"ይስሃቅ" አለ፤ "ያ ወረቀት ሲመጣ ምን ይላል?"

"ምን ይላል ማለት?"

"ምን ተጽፎበታል? አንተ ነህ ያረቀቅኸው።"

ይስሃቅ አንገቱን አከከ። "ሣሩን መቼና እንዴት እንደሚያጭድ የሚወስነው ማኅበሩ ነው... ይላል።"

ከዲሮ በምርኩዛቸው መሬቱን መታ መታ አደረጉ። "ታዲያ እኛ ማን ነን?" አሉ።

የኋላሸት ለምንጩ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ መንገዱ ወረደ።

"ጋሽ የኋላሸት! ኧረ ይስሙኝ! ወረቀቱ ቢቀርስ? እኔስ ምን ብዬ ሪፖርት ላድርግ?"

"ሊቀመንበሩ አስጀመረው በል። ስሜን ከነአባቴ ጻፍ፤ ሌላ ሰው እንዳታስገባ።"

ይህን ብሎ አጎነበሰ፤ ከመንገዱ ጠርዝ አንድ ጭብጥ ሣር ይዞ ማጭዱን ሳበ። ራቢያ ቀሚሷን ሸብ አድርጋ ከጎኑ ገባች።