የአራሷ መስኮት

ላሊሴ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ቡራዩ እናቷ ቤት ገባች። እናቷ ወይዘሮ አጸደ ብርድ እንዳይገባ ብለው የክፍሉን መስኮት ዙሪያውን በጨርቅ ጠቀጠቁት። ባሏ ዮፍታሔ ደግሞ የጋዝ መለኪያ መሣሪያ ተውሶ መጣ። ራዶን የሚባል የማይታይና የማይሸት ጋዝ በወለል ስንጥቅ ከመሬት እየገባ፣ ሲቆይ ሳንባ እንደሚጎዳ አንብቧል።

«መሣሪያው ጥቂት ቀን በር ተዘግቶበት ይቀመጣል፤ ማንም አይነካካውም» አለ።

«አራስ ነዋ» አሉ ወይዘሮ አጸደ። ነጠላ ሊያለብሱት ሲሉ ላሊሴ ያዘቻቸው።

ውጤቱ ከፍተኛ ሆነ። ዮፍታሔ ስንጥቁን በሲሚንቶ ደፈነና መስኮቱም ይከፈት አለ።

«ልጄን ብርድ ልታስመታት ነው?»

«እማማ፣ ጋዙ መውጫ ያጣው እኮ በእርስዎ ጨርቅ ነው።»

ወይዘሮ አጸደ እያጉረመረሙ ጨርቁን ነቀሉት።

ላሊሴ ወልዳ ጎረቤታቸው ኦቦ ቦጂያ ሊጠይቁ ሲመጡ መስኮቱ ተከፍቷል። ወይዘሮ አጸደ ጋቢ ደርበው፣ ሰፊ ጀርባቸውን ለመስኮቱ ሰጥተው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል።

«አጸደ፣ እዚያ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ጋዙ በአናቴ በኩል ይውጣ» አሉ። «ብርዱ ግን እኔን አልፎ አይገባም።»