የኦቦ ዲሪባ ሦስት ደቂቃ

ዘይቱና ስብሰባ አትወድም ነበር ማለት ያንሳል፤ ትጠየፍ ነበር። አሰላ ባለው የምርጥ ዘር ዩኒየን አሥራ ሁለት ዓመት በባለሙያነት ስትቆይ የአመራሩን የሰኞ ስብሰባ ጠንቅቃ አውቃዋለች። ለሁለት ሰዓት ተኩል የተጠራው አራት ሰዓት ላይ ይጀመራል። አንዱ ተነሥቶ «ከእኔ በፊት የተናገሩት እንዳሉት» ይልና ያንኑ ይደግማል፤ ሌላው «ለማጠናከር ያህል» ብሎ ያንኑ መልሶ ያላምጠዋል። ምሳ ሲደርስ ጉዳዩ በይደር ይተላለፋል። ዘር ፈላጊው ገበሬ ግን ከነአህያው ግቢው በር ላይ ቆሞ ይውላል። «ይኼ ስብሰባ አይደለም፣ በደመወዝ የምትቀመጡት ለቅሶ ነው» ትላቸው ነበር፤ ያውም በሐሜት ሳይሆን ፊት ለፊት።

ሥራ አስኪያጅ በሆነች በመጀመሪያው ሰኞ ሕግ አወጣች። በሩ በሰዓቱ ይዘጋል። አጀንዳ በጽሑፍ ሐሙስ ይገባል። ማንም ከሦስት ደቂቃ በላይ አይናገርም። የዕቅድ ኃላፊው ዮፍታሔ ስልኩን ጠረጴዛው መሐል አኖረ፤ ሦስት ደቂቃ ሲሞላ ስልኩ እንደ አውራ ዶሮ ይጮኻል። ግማሽ ቀን ይፈጅ የነበረው ስብሰባ በሃምሳ ደቂቃ ማለቅ ጀመረ። ለዘይቱና ይህ የሕይወቷ ድል ነበር።

ዶሮው የከበደው አንድን ሰው ብቻ ነው። ኦቦ ዲሪባ የመጋዘን ኃላፊ ናቸው፤ የሳጉሬ ሰው፣ ሠላሳ ዓመት ከዘር ጋር የኖሩ። ዘይቱና ገና ከኮሌጅ ስትመጣ የስንዴን መድረቅ በጥርስ ሰብራ እንድትለይ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ከዚያ ወዲህ «ኢንተላ ኮ» ይሏታል፤ ልጄ ማለታቸው ነው። አባቷ ከሞቱ በኋላ እንዲህ የሚላት ሌላ ሰው አልነበረም። ኦቦ ዲሪባ ታዲያ አነጋገራቸው የአርሲ ሽማግሌ ነው፤ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ነገሩ የራሳቸው ሲሆን ደግሞ ጭራሽ ከሩቅ ይዞሩታል። ከመሬት ተነሥቶ «እኔ» ብሎ መጀመር ለሳቸው ነውር ነው።

ግንቦት ላይ አንድ ሰኞ እጃቸውን አወጡ።

«አጀንዳ አላስያዙም እኮ፣ ኦቦ ዲሪባ» አለች ዘይቱና።

«ትንሽ ነገር ናት፣ ኢንተላ ኮ።»

«እሺ፣ ሦስት ደቂቃ።»

ተነሡ። መጀመሪያ ጉባኤውን መረቁ። ስለ ዝናቡ አላህን አመሰገኑ። ከዚያ ቀስ ብለው ጀመሩ። «አባቴ ቡሬ የሚባል በሬ ነበረው። እሱን የሚያህል አራሽ አልነበረም። አንድ ዓመት ትልም ይስት ጀመር። ጎረቤቱ ሰነፈ አለ፤ ወንድሜ ጅራፍ አነሣ። አባቴ ግን ተው፣ መጀመሪያ ሣር አሳዩት አለ። የዚያን ዓመት ሣር ደግሞ…»

ዶሮው ጮኸ።

«በሬው ለሚቀጥለው ሰኞ ይደር» አለች የፋይናንሷ ፈይሩዛ፤ ቤቱ ሳቀ። ኦቦ ዲሪባም አብረው ሳቁ።

«ነጥቡን ባጭሩ ቢነግሩን» አለች ዘይቱና፣ ሰዓቷን እያየች።

ድምጿ ወደመጣበት አቅጣጫ ዞሩ። «ይቅር፣ ነጥብ የለውም» ብለው ተቀመጡ። ዮፍታሔ ቃለ ጉባኤው ላይ «አስተያየት ሰጥተዋል» ብሎ ጻፈ።

ሐምሌ ላይ ከሲሬ ገበሬዎች መጡ። የዘሩት ስንዴ አልበቀለም። በማብቀል ፈተና የወደቀ የዘር ክምር፣ «አይሰራጭ» የሚል ካርድ እንደተንጠለጠለበት፣ በኦቦ ዲሪባ ፊርማ ወጥቶ ኖሯል። ሰኞ ለኦቦ ዲሪባ ሦስት ደቂቃ ተሰጣቸው። «ጥፋቱ የኔ ነው» አሉና ተቀመጡ።

«ካርዱን አላዩትም?»

«አላየሁትም።»

ዘይቱና ደሟ ፈላ። «ሠላሳ ዓመት ሠርቶ ካርድ አለማየት ንቀት ነው» አለቻቸው በሰው ፊት። እንዲሰናበቱ በስምንት ደቂቃ ተወሰነ፤ ፈጻሚው ተለይቶ፣ ቀነ ገደብ ተቆርጦለት፣ ልክ የሥራ አመራር ሥልጠና እንደሚያዝዘው። እንደዚያ ያማረ ስብሰባ ዩኒየኑ አይቶ አያውቅም።

በማግስቱ የመጋዘን ሠራተኛው ቦንሳ ቁልፎቹን ይዞ ቢሮዋ ገባ። ቁልፉን አስቀምጦ አልወጣም።

«ካርዱን የማነብላቸው እኔ ነበርኩ። ከጥር ጀምሮ ዓይናቸው እምቢ ብሏቸዋል። ክምሩ የወጣ ዕለት ሚስቴን ምጥ ይዟት ቀረሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ራሴ በጉባኤ እነግራታለሁ ብለው አስማሉኝ። በግንቦት ሊነግሩዎት ገብተው ነበር።»

ዘይቱና ያን ቀን ፊርማ የሚጠብቅ ወረቀት ጥላ የሳጉሬን ሚኒባስ ያዘች። በሩን የከፈተችላት የኦቦ ዲሪባ ሚስት ፋጡ ናት። እሳቸው መስኮት ሥር ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ።

«ማነው?»

«ዘይቱና ነኝ።»

ግድግዳውን ይዘው ተነሡ፤ ሰው ለአለቃው እንደሚነሣ። «እንኳን ደህና መጡ።»

ዱካ ላይ ተቀመጠች። «የቡሬን ነገር ልሰማ ነው የመጣሁት፣ አባ። ከሥሩ ይንገሩኝ።»

«ስንት ደቂቃ አለኝ?»

ሽሙጥ ቢሆን ደስ ባላት። በሽሙጥ ተሸንፋ አታውቅም። ፊታቸው ላይ ግን ሽሙጥ አልነበረም፤ ደንቡን ጠይቀው ሊያከብሩ ነው።

«እስኪመሽም ቢሆን።»

«አጭር ነው። በሬው ታውሮ ነበር። አባቴ አወቀና ከቀንበር ፈታው። እኔንም ፍቱኝ ልል ነበር።» እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። «ጨረስኩ።»

ፋጡ ከበሩ ሳትርቅ ተናገረች። «ድሮ አንድ ወሬ ይዘው ከገበያ ሲመለሱ እራት እስኪቀርብ አይጨርሱትም ነበር። ምን እንዳደረጋችኋቸው እንጃ፣ አሁን ከእኔም ጋር እንዲህ ነው የሚያወሩት።»

«ሣሩስ?» አለች ዘይቱና። «አባትዎ ሣር አሳዩት ብለው ነበር። የዚያን ዓመት ሣር ምን ሆነ?»

ኦቦ ዲሪባ አሰቡ። አፋቸው ሊከፈት ሲል አየችው፤ ዱካዋን ጠጋ አደረገች።

«በሬው አላየውም» አሉና ወደ ሚስታቸው ዞሩ። «ፋጡ፣ ሥራ ይበዛባቸዋል፤ እስከ መኪናው ሸኚያቸው።»