ስሟ ያልተጻፈው ልብስ ሰፊ

አብርሆት ተወልዳ ያደገችው ደብረ ማርቆስ ነው፤ ቦንጋ የመጣችው በዩኒቨርሲቲ መምህርነት ተመድባ ነበር። የማስተርስ ጥናቷን የሠራችው ከኤች አይ ቪ ጋር በሚኖሩ እናቶች ላይ ነው። ከሁሉም በላይ የረዳቻት ከቦንጋ ራቅ ብላ በምትገኘው ዋጫ ከተማ የምትኖር አልጋነሽ የምትባል ልብስ ሰፊ ነበረች። ባሏ ሲሞት የደረሰባትን፣ መድኃኒቷን ከጎረቤት ደብቃ እንዴት እንደምትወስድ ሳይቀር ነገረቻት። አብርሆትም «ስምዎ የትም አይወጣም» ብላ ቃል ገባችላት።

ከዚያ ዩኒቨርሲቲው ጥናቶቹን ሁሉ በኢንተርኔት ለማንም ክፍት ሲያደርግ፣ አብርሆት የራሷን ቀድማ ሰጠች። በማታውቃቸው አገሮች ሰዎች እያወረዱ እንደሚያነቡት ስታይ ደስ አላት።

አንድ ጠዋት ክፍል ልትገባ ስትል ስልኳ ጠራ። አልጋነሽ ናት።

«ምን ብለሽ ነው የጻፍሽብኝ?»

«እትዬ አልጋነሽ፣ ምን ተፈጠረ?»

«ሰው ሁሉ በስልኩ እኔን እያነበበ ነው።»

አንድ የዋጫ ወጣት የከተማውን ስም ኢንተርኔት ላይ ሲፈልግ ጥናቱን አግኝቶ ገጹን በቴሌግራም ለቆታል። የአልጋነሽ ስም እርግጥ የለበትም። ነገር ግን «መናኸሪያው ፊት ለፊት የተማሪ ዩኒፎርም የምትሰፋ፣ ባሏ የሞተባት እናት» ይላል። እንዲህ ያለች ሴት ዋጫ ውስጥ አንድ ብቻ ናት።

አብርሆት ክፍሉን ትታ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ሮጠች። ድረ ገጹን የሚይዘው ኢያሱ ነገሩን ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ።

«አሁኑኑ አነሳዋለሁ» አላት። «ሰው ስልክ ውስጥ የገባውን ግን ምን ላድርገው? ክፍት ይሁን ብዬ የተሟገትኩት እኔው ነኝ።»

በማግስቱ ዋጫ ሄደች። አልጋነሽ ሱቋን ከፍታ ሥራ ፈት ተቀምጣለች። ወላጆች ጨርቃቸውን ሳያሰፉ መልሰው ወስደዋል። ልጇም ትምህርት ቤት አልሄድም ብላ ቤት ውላለች።

«ስሜን ደበቅሽ፤ ቤቴን ግን ለሁሉም አሳየሽ» አለቻት።

አብርሆት እንባዋ መጣ። «አጥፍቻለሁ። ጥናቱን አስነስቼዋለሁ፤ ሁለተኛ አይወጣም።»

አልጋነሽ ይህን ስትሰማ ባሰባት። «ጭራሽ? ታዲያ ያን ሁሉ ለምን ነገርኩሽ? ሌላዋ እንደ እኔ ባሏን ቀብራ፣ ራሷም እስክትወድቅ ሳትመረመር እንዳትቆይ ብዬ እኮ ነው! ቤቴን ሰርዢው፤ የቀረውን መልሽው።»

ጥናቱ በእንግሊዝኛ ስለተጻፈ አብርሆት እያንዳንዱን መስመር ወደ አማርኛ እየመለሰች አነበበችላት። ጤና ጣቢያ ውስጥ አንዲት ነርስ እንዳዋረደቻት የሚናገረውን አብርሆት ልትሰርዘው ስትል አልጋነሽ ከለከለቻት።

«እሱ ይቆይ፤ ይወቁት።»

የባሏ ወንድም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ዘማሪ መሆኑን ግን፣ አብርሆት ምንም ክፋት ያላየችበትን፣ «ይሄን ሰርዢው» አለቻት። መሃል ላይ ቀና ብላ አየቻት።

«ያኔ እንዲህ አንብበሽልኝ ቢሆን ምን ነበረበት?»

አብርሆት የቀረውን እስከ መጨረሻው አነበበችላት።

የተስተካከለው ጥናት ድረ ገጹ ላይ ተመለሰ። ኢያሱም ከዚያ ወዲህ ስለ ሰው ሕይወት የተጻፈ ጥናት ሲመጣለት፣ ባለታሪኮቹ ጽሑፉ ተነቦላቸው እንዲወጣ ተስማምተው እንደሆነ ሳይጠይቅ አይቀበልም። የዋጫ ደንበኞች ግን አልተመለሱም። አልጋነሽ ልጇንና የስፌት መኪናዋን ይዛ እህቷ ወዳለችበት ሺሺንዳ ሄደች። አብርሆት ትደውልላታለች። አንዳንዴ ታነሳለች፤ ብዙውን ጊዜ አታነሳም።