እምቢ ያለው ገጽ

አዋላጅ ነርሷ ውጭ አገር ሄዳ ለመማር ካሰበች ወዲህ ላፕቶፗ አሻፈረኝ ብሏታል። ሌላው ሁሉ ይከፈታል፤ የመረጠቻቸው ትምህርት ቤቶች ገጽ ብቻ አይከፈትም። በስልኳ ብቅ ቢልም ማመልከቻውን ለመሙላት ኮምፒውተር ያስፈልጋል። ታላቅ እህቷን በጠየቀቻት ቁጥር መልሱ አንድ ነው።

«ኔትወርኩ ከብዶት ነዋ! ትንሽ ታገሺው።»

እትዬ ኮምፒውተር ጠጋኝ ናት። ላፕቶፑንም አስተካክላ የሰጠቻት እሷው ስለሆነች፣ ነርሷ እሷን መጠራጠር በሐሳቧም መጥቶ አያውቅም።

የአንደኛው ትምህርት ቤት የማመልከቻ ጊዜ አልፎ የሁለተኛው ሊዘጋ ሲቃረብ፣ ላፕቶፑን አንጠልጥላ የምትሠራበት ሆስፒታል ኮምፒውተር ክፍል ገባች። ባለሙያው ነካክቶ ነካክቶ ግንባሩን ቋጠረ።

«ኔትወርክ አይደለም። አንድ የተጠበቀ የሲስተም ፋይል አለ፤ ኮምፒውተሩ ገጽ ከመክፈቱ በፊት እሱን ነው የሚያየው። የሆነ ሰው ነክቶታል።»

«ቫይረስ ይሆን?»

«ቫይረስማ እንዲህ አይመርጥም። ነይ እይው።»

ጎንበስ አለች። ልማርበት ያለችው ትምህርት ቤት ሁሉ አድራሻው በተርታ ተጽፏል፤ ገጹ እንዳይከፈት ተደርጎ። ለእትዬ ብቻ በጆሮዋ የነገረቻት ሳይቀር።

«ላጥፋው ብል ፈቃድ የለህም ይለኛል» አለ ባለሙያው። «ዋናውን የይለፍ ቃል ማን ያውቃል?»

«እህቴ።»

«እንግዲያው ደውለሽ ጠይቂያታ።»

አልደወለችም። እትዬ በልጅነቷ ያወጣችላትን የቤት ስም ጻፈች፤ ሚጢጢ። ተከፈተ።

ባለሙያው መስመሮቹን እንዳጠፋቸው ገጹ ብልጭ አለ። እሷ ግን ደስታው ቀርቶባት ወንበሩ ላይ ዘጭ አለች።

ቤት ስትደርስ እትዬ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር።

«እትዬ፣ ኮምፒውተሬን ምን አድርገሽው ነው?»

«ኔትወርኩ...»

«ተይኝ! ፋይሉን በዓይኔ በብረቱ አየሁት!»

ቢላዋው ቆመ። «እማዬ ከሞተች ካንቺ ሌላ ማን አለኝ? ቀኑ እስኪያልፍ ብቻ ብዬ ነው።»

«አትሂጂ ብትዪኝ ምን ነበረበት? እኔ እንደ ጅል ስጠይቅ የኖርኩት አንቺኑ!»

ነርሷ ሳሎን ገብታ ማመልከቻውን መሙላት ጀመረች። ሁሉም ሄደላት፤ ፎቶዋ ግን አልገባ አለ። ደጋግማ ሞከረች።

«አሳንሺው» አለች እትዬ በሩ ላይ ቆማ። «ትልቅ ፎቶ አይቀበልም። ቀጥሎ የሥራ ማስረጃሽን ይጠይቅሻል።»

ነርሷ ዞር አለች። «አንብበሽዋል?»

«ከመዝጋቴ በፊት አንድም ሳላስቀር። የሚፈልጉት ሁሉ አለሽ፤ ይቀበሉሻል። ያስደነገጠኝም እሱ ነው።»

ነርሷ ትጩህ፣ ታልቅስ፣ ግራ ገባት። ኋላ ግን ፎቶውን አሳንሳ አስገባችው፤ ማመልከቻውንም ላከችው። መድረሱን የሚገልጸው መልእክት ሲመጣ እትዬ ከትከሻዋ በላይ ጎንበስ ብላ አነበበችው። ነርሷ ቀና ብላ አላየቻትም።