ክሩን የጎተተ ሰው አለ?

እኅትና ወንድም በአንድ ጠባብ ክፍል ልብስ ይሰፉ ነበር። እሱ ይቆርጣል፤ እሷ በእግር በምትረገጠው መኪና ትሰፋለች። እናታቸው ከሞተች በኋላ ያሳደገችው እሷ ስለሆነች፣ ጠጉሩ ከግንባሩ ሸሽቶ ማጅራቱ ከደረሰ በኋላ እንኳ «ማሙሽ» ትለዋለች፤ እሱም «እታለም» ይላታል። ሁለቱም አላገቡም። በቤቱ የነበረው ሦስተኛ ነፍስ አንድ ግራጫ ድመት ነው። የመቁረጫው ጠረጴዛ ጥግ ላይ ተጋድሞ ሥራውን ሁሉ በግማሽ ዓይን ስለሚመለከት ደንበኞች «ተቆጣጣሪው» የሚል ስም አውጥተውለታል። ከመንገድ አንሥታ ያመጣችው እኅትየዋ ናት፤ ስለዚህ በእርሱ ነገር የመጨረሻው ቃል የእርሷ ነው።

በዚህ ሙያ አንድ ኮት አጥብቆ ከመሰፋቱ በፊት፣ በባለቤቱ ትከሻ ላይ እንዲለካ፣ በወፍራም ነጭ ክር ለጊዜው ይያያዛል። ዋናው ስፌት ካለቀ በኋላ ያ ክር ይወጣል። ማውጣቱ የወንድምየው ሥራ ነበር፤ ኩራቱም ነበር። ጫፉን በሁለት ጣቱ ይዞ፣ ሳይቸኩልና ሳያቋርጥ፣ ከትከሻ እስከ ወገብ አንድ ወጥ አድርጎ ይስበዋል። ሲይዝበት ጥቂት አላልቶ ደግሞ ይስበዋል። እጁ ይህን ለመሥራት ከአእምሮው ፈቃድ መጠየቅ ካቆመ ብዙ ዘመን ሆኖታል።

በአንድ እሑድ ከሰዓት እኅትየዋ ያለቀ ኮት ለማድረስ ወጥታ ሳለ፣ ተቆጣጣሪው ከጠረጴዛው ሥር ወጥቶ በክፍሉ መካከል ቆመና አንገቱን እየዘረጋ ያቅለሸልሸው ጀመር። ከአፉ ጥግ ነጭ የክር ጫፍ ተንጠልጥሏል። ወንድምየው ጎንበስ ብሎ ጫፉን በሁለት ጣቱ ያዘና ሳበ። ክሩ ስንዝር ያህል መጣለት። ከዚያ ያዘ። ድመቱ ከድመት የማይጠበቅ ጩኸት ጮኸ፤ የሰውየውንም አንጓ ቧጥጦ ከስፌት መኪናው መርገጫ ሥር ገባ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ወንድምየው ሊያስበው አልወደደም። በመጨረሻ ከአፉ ውጭ የቀረውን ክር በመቀስ ቆረጠው፤ የተቆረጠውንም ከወለሉ ጥራጊ ጋር ቀላቀለው።

እኅትየዋ ስትመለስ ድመቱ አረፋ ያስመልስ ነበር።

«ምን ነካው?» አለች ነጠላ ጫማዋን ሳታወልቅ።

«እኔ ምን አውቄ፣ እታለም። ድንገት ነው።»

ውሸት ሲወለድ ትንሽ ነው፤ የሚያሳድገው ያመነው ሰው ነው። እኅትየዋ አመነችው። ድመቱን በልብስ ቅርጫት አድርጋ፣ በተረፈ ገበር ሸፍና፣ ወንድሟን አስከትላ በዕረፍት ቀን ወደሚሠራው ብቸኛ የእንስሳት ክሊኒክ ሄደች። በመንገድ ላይ በየጥቂቱ እየቆመች ጉልበቷን ታሻለች። መርገጫው ጉልበቷን ከበላው ቆይቷል፤ በኤሌክትሪክ የሚሠራ መኪና ለመግዛትም ከራሷ ጉሮሮ እየነጠቀች ታጠራቅም ነበር።

ክሊኒኩ በረኪና በረኪና ይሸታል። ግድግዳው ላይ «ክፍያ በቅድሚያ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል፤ ከሥሩም ያለ ወረቀት «የዕረፍት ቀን ተጨማሪ ሒሳብ አለው» ይላል። አግዳሚው ላይ አንድ የታክሲ ሹፌር ትልቅ ውሻውን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ተቀምጧል። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ነገር ግን ከትናንት ጀምሮ ተረኛ ስለሆነች ዓይኖቿ ወጣት አይመስሉም። ድመቱን ከጠረጴዛው ላይ አስተኝታ፣ አፉን በጣቷ ከፍታ፣ በትንሽ ባትሪ ወደ ውስጥ አየች።

«ክር ነው» አለች። «ጉሮሮው ላይ ጫፉ ይታያል፤ ሌላው ወደ ታች ወርዷል። ጠዋት ሳይውጠው አይቀርም። ጫፉ ደግሞ በመቀስ የተቆረጠ ይመስላል።»

«ዶክተር፣ እኛ ቤት በመቀስ ያልተቆረጠ ክር ከየት ይመጣል?» አለች እኅትየዋ።

ሐኪሟ ፈገግ ለማለት ሞከረች፤ አልሆነላትም። «እሺ። አሁን የምጠይቃችሁን አስባችሁ መልሱልኝ። ክሩን የጎተተ ሰው አለ?»

ወንድምየው ቅርጫቱን ያይ ነበር። «ማንም አልነካውም።»

«ርግጠኛ ነዎት?»

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው!»

«እሱ አይጎትትም፣ ዶክተር» አለች እኅትየዋ፤ እጇን በወንድሟ ትከሻ ላይ አሳርፋ። «ማሙሽ እጁ የረጋ ነው። ቢያይ ኖሮ ይጠራኝ ነበር።»

ሐኪሟም ነገሩን አስረዳች። ክር በራጅ አይታይም፤ በሆዱ ውስጥ የሆነውን የምታውቀው ባለቤቶቹ ከሚነግሯት ነው። ያልተጎተተ ከሆነ አንዳንዴ በራሱ መንገድ ይወጣልና ጉሉኮስ ሰጥቶ እስከ ነገ መጠበቅ ይቻላል፤ ወጪውም የሚቻል ነው። የተጎተተ ከሆነ ግን አንጀቱ ማሰሪያው እንደ ተሳበ የሱሪ ወገብ ይኮማተራል፤ ክሩም እንደ ቢላ ይቆርጠዋል። ያን ጊዜ ሳይውሉ ሳያድሩ ሆዱን መክፈት ነው። የቀዶ ሕክምናውን ዋጋ ስትናገር ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። እኅትየዋ ዋጋውን ስትሰማ ሌላ ሒሳብ መሥራት አላስፈለጋትም፤ ለመኪናው ያጠራቀመችው ሁሉ፣ ከዚያም ጥቂት ጨምሮ ነበር።

«እንግዲያው እንጠብቅ» አለች ሐኪሟ። «ያልተነካ ነው ካላችሁ፣ እንጠብቅ።»

ተቆጣጣሪው ወደ ውስጥ ተወሰደ። እነርሱም ከሹፌሩ ጎን ተቀመጡ።

«እናት፣ የእናንተ ደግሞ ምን በላ?» አለ ሹፌሩ።

«ክር።»

«ልብስ ሰፊዎች ናችሁ?»

«ነን።»

«ታዲያ ምን ይገርማል! ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ። የእኔው ጌታ የልጄን ካልሲ ነው የዋጠው፤ ያውም አንዱን እግር ብቻ። ባለቤቴ ሌላኛውን ይዛ ቤት ተቀምጣለች፤ 'ጓደኛውን ሳታመጣ እንዳትመለስ' ብላኛለች።»

እኅትየዋ ሳቀች። ወንድምየው አልሳቀም። ሐኪሟ ውሻውን ልትወስድ ስትወጣ ሹፌሩ የዋጋውን ወረቀት አውለበለበባት።

«ዶክተር፣ እኔ ትርፍ አንጀቴ ሲወጣ እንኳ እንዲህ አልከፈልኩም! ታክሲዬን ነው የምትፈቱት ወይስ ውሻውን?»

«አንተን ሲያክሙህ ወጪህን የሚጋራ መንግሥት አለ» አለች ሐኪሟ ቀና ሳትል። «የውሻ ጓንት ተብሎ የተሠራ ጓንት የለም። ማደንዘዣውም መርፌውም የሰው ነው፤ የምገዛውም በሰው ዋጋ ነው። የዚህን ውሻ ወጪ ከአንተ ሌላ ማን ይጋራል? ለሁሉም ብቀንስ ደግሞ በሩን ወሩ ሳያልቅ እዘጋለሁ።»

«ኧረ እኔ ዝም ብዬ ነው የምሳደበው።»

«ተሳደብ። እሱን አላስከፍልም።»

ሹፌሩ ውሻውን ከነብርድ ልብሱ ተሸክሞ ተከተላት፤ በመሄድ ላይ ሳለም በውሻው ጆሮ አንድ ነገር ሹክ አለው።

እኅትየዋ ራሷን በግድግዳው ላይ አስደግፋ ዓይኗን ጨፈነች። ወንድምየው ግን ከራሱ ጋር ይሟገት ነበር። ዝም ማለቴ ለጉልበቷ ብዬ ነው፤ ነገ ክሩ በራሱ ይወጣ ይሆናል፤ ድመት ለሰው ጉልበት ይሠዋል እንጂ የሰው ጉልበት ለድመት አይሠዋም፤ ይህንና ይህን የመሰለውን ሁሉ አለ። ክርክሩ ሁሉ እውነት ይመስል ነበር። አንድ ጉድለት ብቻ ነበረበት፤ ጉልበቱ የእርሷ ሲሆን ምርጫውን ከእጇ የወሰደው እርሱ ነው። ሰው የሌላውን ሸክም አቀለልሁ እያለ ስንት ጊዜ የራሱን እፍረት እንደሚደብቅ ቢመረመር፣ ከደግነቱ የሚተርፈው ጥቂት ነው።

ከውስጥ የድመቱ ድምፅ ተሰማ፤ ቀጭንና የሚቆራረጥ ነበር። ወንድምየው ተነሥቶ፣ ውሻውን ለረዳቷ አስረክባ እጇን ወደምትታጠበው ሐኪም ሄደ።

«ዶክተር፣ ለማወቅ ያህል ነው... ሰው ጎትቶት ቢሆን ኖሮስ?»

ሐኪሟ ውኃውን ዘግታ አንጓውን አየች። «ማን ቧጠጠዎት?»

«እሱ ነው። ሲጫወት።»

«ወንድሜ፣ ደክሞኛል፤ እንቆቅልሽ የምፈታበት አቅም የለኝም። ተጎትቷል ወይስ አልተጎተተም?»

«ተጎትቷል።»

«ሆዱ እየጠነከረብኝ ነበር፤ ፈርቻለሁ» አለች። «አሁኑኑ መክፈት አለብኝ።»

«እንግዲህ... 'ባሰበት' ብለው ቢነግሯትስ? እውነትም ብሶበታል።»

«ማለት እችላለሁ። አልልም። ገንዘቡን የምትከፍለው እሷ ናት፤ በምን ምክንያት እንደምትከፍል ትወቅ። ይሂዱ፣ ይንገሯት። ቶሎ ነው ታዲያ።»

ወንድምየው ተመለሰ። እኅትየዋ ዓይኗን ሳትገልጥ «ምን አለች?» አለችው።

«እታለም፣ ጎትቼው ነበር።»

ዓይኗን ገለጠች። የጠየቀችው ልብስ ሰፊ የሚጠይቀውን ነው። «ምን ያህል መጣ?»

«ስንዝር።»

«ከዚያስ?»

«ያዘ።»

«ሲይዝ ተውከው?»

ከአፉ የሚወጣው ቃል ሁሉ ከዚህች ጥያቄ ሊሸሽ ፈለገ። «አልተውኩትም። ትንሽ አላልቼ ደግሞ ሳብኩት።»

«እየጮኸ?»

«እየጮኸ።»

እኅትየዋ ሁለት እጆቿን በጉልበቶቿ ላይ አሳርፋ ወለሉን ተመለከተች። «ዝም ያልከኝ ለመኪናው ገንዘብ አዝነህ ነው?»

አዎን ቢላት ግማሽ እውነት ነበር፤ ግማሽ እውነትም በቂ መሸሸጊያ በሆነለት። ነገር ግን ሹልክ የሚልበት አቅም ከእርሱም አልቆ ነበር። «እሱም አለበት» አለ። «ይልቁን ግን አፍሬ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ክር የሳብኩ ሰው...»

«እኔ እኮ በትከሻህ ላይ እጄን አድርጌ መሰከርኩልህ።»

«አውቃለሁ።»

«አታውቅም» አለች፤ በቁጣ አልነበረም። ግድግዳውን ተደግፋ ተነሣች፤ ሊደግፋት የዘረጋውን እጅ ግን አልያዘችውም። ወደ ገንዘብ ተቀባይዋ መስኮት ሄዳ ጀርባዋን ወደ ሰዉ አዙራ፣ ከጉያዋ በመሐረብ የተቋጠረውን አወጣች። ወደ ክሊኒኩ ስትመጣ ይዛው መምጣቷን ወንድምየው ያን ጊዜ ብቻ አወቀ። ጉልበቷንም መኪናውንም ገና ከቤት ሳትወጣ በልቧ አሳልፋ ሰጥታ ነበር፤ እንድትጠብቅ ያደረጋት የእርሱ ቃል ብቻ ነው።

«ሙሉውን ነው?» አለች ገንዘብ ተቀባይዋ።

«ያለኝን ሙሉውን። የጎደለውን ነገ አመጣለሁ፤ ሥራችሁን ግን ጀምሩ።»

«እናቴ፣ በቅድሚያ ነው የሚለው ደንቡ...»

«ጀምሪ!» አለ የሐኪሟ ድምፅ ከውስጥ። «የጎደለውን በእኔ ያዢው።»

ከዚያ በኋላ የሆነው መጠበቅ ብቻ ነው። የመንገዱ ብርሃን ከመስኮቱ ላይ ዝቅ እያለ ሄደ። ሹፌሩ ከውስጥ ወጥቶ ዘወር ብሎ አፍንጫውን በመሐረብ ጠረገ፤ ውሻው እንደሚድን ነግረውታል፤ ቀልዱ ግን አልተመለሰለትም። እኅትና ወንድምን አየት አደረገና፣ በመካከላቸው የተፈጠረውን ክፍት ቦታ ሲያይ አልጠየቀም፤ «ፈጣሪ ይማርላችሁ» ብሎ ከአግዳሚው ማዶ ተቀመጠ።

ሐኪሟ ስትወጣ ጭምብሏን ወደ አገጯ አውርዳ ነበር።

«አንጀቱ በሁለት ቦታ ተቆርጧል» አለች። «የተጎዳውን አውጥቼ ጤነኛውን አያይዤዋለሁ። እስከ ነገ ጠብቀን ቢሆን ኖሮ ለመቅበር ነበር የምትመጡት። አሁን በሕይወት አለ። ድኗል ግን አልልም፤ ጥቂት ቀን እዚሁ ይቆያል።»

«የሚቆይበትም ይከፈልበታል?» አለች እኅትየዋ።

ሐኪሟ ጭምብሏን ከአገጯ ላይ ፈታች። «ይከፈልበታል፣ እናቴ።»

«እሺ። ይቆይ። እግዜር ይስጥሽ።»

ማንም ደስ አላለውም። ደስታም ጉልበት ይጠይቃል፤ በዚያ ክፍል ጉልበት የተረፈው ሰው አልነበረም። ሐኪሟ ለሌላ በሽተኛ ተጠራች። ወንድምየው ወደ እኅቱ ዞረ።

«እታለም፣ ይቅር በይኝ።»

እኅትየዋ አየችው። ፊቷ ላይ ቁጣ ቢፈልግ አላገኘም፤ ምሕረትም ቢፈልግ አላገኘም።

«ማሙሽ፣ ዛሬ ደክሞኛል» አለችው። «ነገ ጠይቀኝ።»

«እሺ» አለና፣ ብቻዋን መሆን የፈለገች መስሎት ሊወጣ ተነሣ።

«የት ትሄዳለህ? ቁጭ በል» አለችው።

ተቀመጠ።