ከበረዶ የወጣ ቋጠሮ

"አንተ ልጅ፣ እውነት ጤነኛ ነህ?" አለች ዴልፊና፣ እንደ ድንጋይ የጠጠረውን የፕላስቲክ ከረጢት ጠረጴዛው ላይ ዷ አድርጋ። "የበረዶ ታማሌ? እኔ ቤት?"

የልጇ ባል ኤፍሬን ጭንቅላቱን አከከ። ከአራት ሳምንት በፊት፣ በሰብአ ሰገል ዕለት ዳቦው ሲቆረስ፣ በልማዱ ውስጡ የምትደበቀው ትንሿ የሕፃን አሻንጉሊት የወጣችው ከእሱ ቁራሽ ውስጥ ነበር። አሻንጉሊቷ የደረሰችው ሰው እንደ ዛሬው ባለ የካንደላሪያ በዓል ቤተሰቡን ታማሌ፣ ማለትም በልጣጭ ተጠቅልሎ በእንፋሎት የሚበስል የበቆሎ ሊጥ፣ ያበላል። ፑዌብላ ከተማ ውስጥ ከዚህ ግዴታ ካልሞቱ በቀር ማምለጫ የለም።

"ከእርስዎ ብገዛ በራሴው ድካም ጋበዘኝ ሊሉ ነው" አለ ኤፍሬን። "ቢያንስ ለዛሬ እንኳ ይረፉ ብዬ እኮ ነው፣ እማማ። ማሞቅ ብቻ ነው።"

"ማሞቅ ብቻ! ሆስፒታሉ በር ላይ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ታማሌ ለሸጠች ሴት ከሱፐርማርኬት ታማሌ! በል ጎረቤት ሳይሰማ በሩን ዝጋው።"

ልጇ ሊሴት ሳቋን አፍና ወደ ጓሮ ወጣች። ዴልፊና አፏ ቢያጉረመርምም እጇ ሥራውን አልረሳም። ትልቁ የእንፋሎት ድስት ሥር ውሃ ጨመረች። ውሃው ውስጥ አንዲት ያረጀች የአንድ ፔሶ ሳንቲም ጣለች፤ ውሃው እስካለ ድረስ ሳንቲሟ ትንቀጫቀጫለች፣ ሲያልቅ ዝም ትላለች። እሷና አበልጇ ኖርበርታ ሥራ በጀመሩበት ቀን የመጀመሪያው ደንበኛ የሰጣቸው ሳንቲም ነው፤ ሌላ ሳንቲም እዚያ ድስት ውስጥ ገብቶ አያውቅም። ከዚያ በድስቱ ጆሮዎች ላይ የበቆሎ ልጣጭ አሰረች። ቤት ውስጥ ጠብ ካለና ድስቱ ከሰማ ታማሌው አልበስል ይላልና ጆሮውን መድፈን ደግ ነው።

ከረጢቱን ቀደደችው። የመጀመሪያውን ታማሌ ድስቱ ውስጥ ልታቆመው ስትል እጇ ቀጥ አለ።

ልጣጩ ከታች ታጥፏል። በቀጭን የልጣጭ ክር ሁለት ጊዜ ተጠምጥሞ ጫፉ ወደ ውስጥ ተሸጉጧል። ሌላ አወጣች። እሱም እንደዚያው ነው። አሥራ ሁለቱንም አንድ በአንድ እያገላበጠች አየች።

እንዲህ አድርጋ ታማሌ ታስር የነበረችው እናቷ ነበረች፤ ከተራራው መንደሯ ይዛው የመጣችው አስተሳሰር ነው። በዚህ ከተማ የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። አንዷ ዴልፊና ናት። ሁለተኛዋ ኖርበርታ ናት፤ ሊሴትን ክርስትና ያነሳች ሰሞን ዴልፊና ራሷ ጣቶቿን ይዛ አስተምራታለች።

"ኧረ በስመ አብ! ሰው እኮ ከሰው ይመሳሰላል" አለች ለራሷ። ግን ልቧ አላመነም። አንዱን ፈታችና ገና በረዶ የሆነውን ሊጥ በቢላ ፈነቀለች። ከሥሩ ጠበስ የተደረገች አንዲት የአቮካዶ ቅጠል ተነጥፋለች። ይህም የእናቷ ነው።

ኖርበርታ ትከሻዬን አመመኝ ብላ ሥራውን ከተወች ሦስት ወር ሆኗታል። ከዚያ ወዲህ ዴልፊና ድስት የተጫነበትን ባለ ሦስት ጎማ ብስክሌት ጎህ ሳይቀድ ብቻዋን ትገፋለች። ደንበኛው ደግሞ ከቀን ቀን እየሳሳ መጥቷል። ነርሶቹ ሳይቀሩ ቤታችን አሙቀን በላን እያሉ ያልፏታል። እሁድ እሁድ ግን ይህ ሁሉ ድካም እያለባት ኖርበርታ ቤት ሄዳ ትከሻዋን በአልኮልና በቅጠል ታሽላት ነበር።

የፈታችውን መልሳ ጠቀለለችው፤ አሥራ ሁለቱንም ደርድራ ድስቱን ከደነች። ሳንቲሟ መንቀጫቀጭ ጀመረች።

ብዙም ሳይቆይ ኖርበርታ ትኩስ አጥሚት በቴርሞስ ይዛ ገባች። እንደ ሁልጊዜው በር አላንኳኳችም።

"አበልጄ፣ እንኳን አደረሰሽ! ምነው ፊትሽ? ሰው ሞተ እንዴ?"

ዴልፊና ከድስቱ ውስጥ አንድ ታማሌ አውጥታ ኖርበርታ ፊት አስቀመጠች። "ይቺን ማን ያሰራት ይመስልሻል?"

"አንቺ ነሻ! ሌላ ማን ሊሆን..." አለችና ኖርበርታ የተቀደደውን ከረጢት አየች። ቴርሞሱን ቀስ ብላ አስቀመጠች።

"በቅናሽ ነው ያገኘሁት" አለ ኤፍሬን፣ ምንም ሳይገባው። ከጓሮ የተመለሰችው ሊሴት እጅጌውን ይዛ ጎትታ አወጣችው።

ሁለቱ ሴቶች ብቻቸውን ቀሩ።

"ትከሻዬን እውነት ያመኛል" አለች ኖርበርታ።

"ስለ ትከሻሽ አልጠየቅኩሽም።"

"ይህን የበረዶ ታማሌ ከሚሠራው ፋብሪካ ሴትዮ መጣች። ቁጭ ብለሽ ለወጣቶቹ ሠራተኞች አስተሳሰሩን ማሳየት ብቻ ነው አለችኝ። ወንበር ላይ፣ በቀን ለአራት ሰዓት ብቻ። ስልሳ ሦስት ዓመቴ እኮ ነው፣ ዴልፊና! ያ ብርድ አጥንቴ ውስጥ ገብቷል።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"እምቢ ትይ ነበር።"

"እምቢ እል ነበር፤ የእናቴ ነዋ! ደክሞኛል፣ ሥራውን ልተው ብትይኝ ግን አልቅሼ እሸኝሽ ነበር። ባለፈው እሁድ ትከሻሽን እያሸሁ፣ ገበያው ሞተብኝ ስልሽ ምን አልሽኝ? 'ዘመኑ ነው፣ አበልጄ፣ ታገሺ።' እጄ ጀርባሽ ላይ ሆኖ!"

ኖርበርታ እንባዋን በጣቷ ጠረገች። "እሱን ባላልኩት ይሻለኝ ነበር። ግን እመኚኝ፣ ስምሽን አላነሳሁም። አስተሳሰሩ የማን ነው ሲሉኝ የእኔ ነው አልኳቸው እንጂ አንቺን ነገር ውስጥ አልከተትኩሽም።"

"የኔ ነው አልሽ?"

ኖርበርታ አንገቷን ደፋች። ዴልፊና ልትሰድባት ብላ ተወችው። እናቷ ስትሞት ሬሳዋን አብራት ያጠበች ሴት ናት ይህቺ።

በዚህ መሃል ሳንቲሟ ዝም አለች።

ሁለቱም እኩል ተነሱ። ኖርበርታ ቀድማ ደረሰች፤ ማንቆርቆሪያው የት እንደሚቀመጥ ዓይኗን ጨፍና ታውቃለች። ማንቆርቆሪያውን ይዛ የድስቱን ክዳን በሌላው እጇ ልታነሳ ስትል ዴልፊና ማንቆርቆሪያውን ከእጇ ወሰደች።

"አንቺ ተቀመጪ" አለች፣ ረጋ ብላ። "እንግዳ ማድቤት ውስጥ አይሠራም።"

ኖርበርታ እጇ አየር ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረች። "ዴልፊና... ስደቢኝ ይሻላል።"

ዴልፊና አልሰደበቻትም። ውሃውን ጨመረች፤ ሳንቲሟ እንደገና መንቀጫቀጭ ጀመረች። ከዚያ ሳሎን ገብታ የመስታወቱን ቁምሳጥን ከፈተች፤ ቄሱ ሲመጡ ብቻ የሚወጣውን ጠርዘ ወርቅ ሰሃን አነሳች። አቧራውን ጠርጋ ጠረጴዛው ላይ አደረገችው፤ ሹካና የታጠፈ ሶፍት ጎኑ አስቀመጠችና ለኖርበርታ ወደ በሩ የሚቀርበውን ወንበር ሳበች።

"ሲሞቅ አቀርብልሻለሁ" አለቻት።